የመጽሔት ሽፋን ተክልና የጎጃም ሳሎን

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አዳዲስ ካፌዎች፣ የውበት ሳሎኖችና መኖሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል ደጋግሞ መታየት ጀምሯል። የቆየ የውጭ አገር መጽሔት ሽፋን ነው። በላይኛው ጠርዝ የመጽሔቱ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ከሥሩ ሰፊ መስኮት፣ ዝቅ ያለ ወንበር፣ ከወንበሩ አጠገብ ደግሞ ቅጠሉ የተበሳሳ ረጅም ተክል በሸክላ ማሰሮ ቆሟል። ባነርና ስቲከር የሚያትሙ ቤቶች በካንቫስ አትመው፣ ፍሬም አልብሰው ይሸጡታል። «ቪንቴጅ» ይሉታል፤ ዕድሜ የጠገበ፣ የተሠራበትን ዘመን ጣዕም የያዘ ዕቃ ወይም ሥዕል ለማለት ነው።

ሥዕሉ ሲበዛ ተክሉም ተከትሎታል። ቅጠሉ የተበሳሳው ሞንስቴራ፣ ሳንሴቬሪያ፣ ፖቶስና የጎማ ዛፍ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይጠየቃሉ፤ የፕላስቲክ አቻዎቻቸውም በየሱቁ አሉ። ከዚሁ ጋር የሚነሳው ክርክር ግን የተደበላለቀ ነው። አንዱ ሥዕሉ በእርግጥ የድሮ መሆኑን ይጠራጠራል። ሌላው ተክል መኝታ ቤት ማሳደር ያፍናል ይላል፤ ተቃራኒውን ይዞ አየር ያጸዳል ብሎ የሚሟገትም አለ። «ይህ ደግሞ የማን ባህል ነው?» የሚልም አይጠፋም። የተክሉ ባለቤት ጥያቄ ግን ከሁሉም ይቀድማል፦ ሥዕሉ ላይ እንዲያ የለመለመ ነገር እኔ ቤት ሲገባ ለምን ይመነምናል?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ሌሎቹንም ለመፍታት እሱ በር ይከፍታል። ሽፋኑ ተክል በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የሚያሳይ ማስረጃ አይደለም። መጽሔት ለመሸጥ የተሠራ ሥዕል ነው፤ የተሠራውም በበረዶው ወራት ውጭው ቅጠል አልባ ለሚሆንበት፣ ፀሐይም ዝቅ ብላ ለምታልፍበት አገር ነው።

ተክል እንዴት ሳሎን ገባ

እ.ኤ.አ. በ1829 ገደማ ናትናኤል ባግሾ ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም የአንድ ነፍሳት ዕድገት ለመከታተል እርጥብ አፈር ጨምሮ ጠርሙስ አሸገ። የድንጋይ ከሰል ጢስ በጓሮው ፈርን የተባለውን አበባ የሌለው ቅጠላማ ተክል አላስጸድቅ ብሎት ነበር፤ በታሸገው ጠርሙስ ውስጥ ግን ሳይተክለው በቀለ። በጠርሙሱ ውስጥ የሚተነው ውኃ ተመልሶ እየተንጠባጠበ አፈሩን ያረጥባል፤ ጢሱ ደግሞ አይገባም። ዋርድ ነገሩን አስፍቶ የመስታወት ሳጥን አሠራና እ.ኤ.አ. በ1833 ተክል ሞልቶ በመርከብ ወደ ሲድኒ ላከ፤ ከወራት ጉዞ በኋላ ተክሎቹ በሕይወት ደረሱ። ከዚያ በፊት ባሕር የሚሻገር ተክል አብዛኛው በጨው ነፋስና በንጹሕ ውኃ እጥረት መንገድ ላይ ይቀር ነበር። የሻይ ችግኝ ከቻይና ወደ ሕንድ የተጋዘው፣ ከሩቅ ደሴቶችና ከሐሩር ደኖች የተነሱ ዘንባባዎችና ፈርኖችም የአውሮፓን ቤቶች የሞሉት በዚህ ሳጥን ነው።

የገቡበት ቤት ግን ለተክል የሚመች አልነበረም። በከሰል የሚሞቅና በጋዝ መብራት የሚበራ ሳሎን ብዙውን ይገድላል። ጥላውንም ጢሱንም ችሎ የኖረው ከምሥራቅ እስያ የመጣው አስፒዲስትራ ስለነበር፣ በብሪታኒያ የመካከለኛው መደብ ቤት መለያ ሆነ። ተክል በቤት ውስጥ መኖሩ ስለ ባለቤቱ የሚናገረው ነገር ነበረው፦ ሰፊ መስኮት አለኝ፤ ለማገዶም ለአሽከርም የምከፍለው አላጣሁም።

የጎጃም ቤት ይህ ሁሉ ምክንያት አልነበረበትም። ደጁ አረንጓዴ በሆነበት አገር ቅጠልን በማሰሮ አስሮ ማስገባት ለምን ያስፈልጋል? ቅጠል ቤት የሚገባው ተቆርጦ፣ ለአንድ ቀንና ለአንድ ጉዳይ ነው። ቄጤማ በዓልና ቡና ሲሆን ይጎዘጎዛል፤ በማግስቱ ተጠርጎ ይወጣል። አደይ አበባ ከእንቁጣጣሽ ጋር መጥታ ትሄዳለች። ጤና አዳም ከጓሮ ተቀንጥቦ ሲኒ ውስጥ ይገባል፤ እንሶስላ ሥሯ ተወቅጦ እጅና እግር ታቀላለች። እነዚህን እንደ ቤት ማስጌጫ አለመቁጠር ስህተት ይመስለኛል፤ ልዩነቱ የጎጃም ማስጌጫ ቀን ያለውና የሚያልፍ መሆኑ ላይ ነው።

በከተማ ደግሞ ሌላ ልማድ ቆይቷል፤ የዘይት ቆርቆሮና የዱቄት ወተት ጣሳ ቀለም ተቀብቶ፣ ሥሩ በምስማር ተበስቶ፣ ጄራኒየም ተተክሎበት በረንዳ ላይ ይደረደራል። ቦታውን ልብ ይሏል። ሳሎን ውስጥ ሳይሆን በረንዳ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብርሃኑ ያለው እዚያ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ሽፋኑ ለምን ተክል ወደደ

የቤትና የጓሮ መጽሔቶች በአሜሪካ የተስፋፉት ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ነው። ሃውስ ቢዩቲፉል እ.ኤ.አ. በ1896፣ ሃውስ ኤንድ ጋርደን በ1901 ጀመሩ፤ በኋላ ቤተር ሆምስ ኤንድ ጋርደንስ የተባለው በ1922 በሌላ ስም ወጥቶ ከሁለት ዓመት በኋላ የአሁኑን ስም ያዘ። ገቢያቸው ከአንባቢም፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ከማስታወቂያ ነበር። ቀለም፣ መጋረጃ፣ መስታወት፣ የቤት ማሞቂያ የሚሸጡ ኩባንያዎች በውስጥ ገጾች ይተዋወቁ ነበር፤ ሽፋኑ ደግሞ እነዚህ ሁሉ የተሟሉበትን ክፍል አስውቦ ያሳያል።

ለሠዓሊው ተክል የሚፈታለት ችግር አለ። የሽፋን ገጽ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል፤ ላይኛው ክፍል ለስሙ ይተዋል። ወንበርና ጠረጴዛ ግን አግድም የሚተኙ ነገሮች ናቸው። ታች ተከማችተው ላይ ባዶ ሲቀር፣ ዘንባባ ወይም የጎማ ዛፍ ማእዘኑን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ገጹን ይሞላል። አረንጓዴው ከእንጨቱ ቡናማና ከግድግዳው ክሬም ጋር ይስማማል። ሰው ቢሳል ልብሱ በሁለት ዓመት ፋሽኑ ያልፍበታል፤ ቅጠል እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

ሌላው ጉዳይ ወቅት ነው። የጥርና የየካቲት እትም ገዢውን የሚያገኘው በረዶ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ሙቀት ያሳያል፦ በመስኮት ደፍ ላይ ጊዜያቸው ሳይደርስ በክፍል ሙቀት እንዲያብቡ የተደረጉ ሃያሲንትና ናርሲስ የተባሉ አበቦች፣ ከመስታወቱ ወዲያ ደግሞ ነጭ በረዶ። በታኅሣሥ ቀይዋ ፖይንሴቲያ ትወጣለች። ይህች አበባ የሜክሲኮ ተወላጅ ስትሆን፣ በሜክሲኮ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ጆኤል ፖይንሴት እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ወደ አገሩ ልኳት ስሙ ተሰጣት። እዚያ በማሰሮ የምትሸጥ፣ ከገና በኋላ ብዙ ጊዜ የምትጣል ናት። ባሕር ዳር ግን በየግቢው ከአጥር በላይ የምትቆም ቁጥቋጦ ናት፤ ሌሊቱ ከቀኑ ሲረዝም ለማበብ የምትነሳሳ ተክል ስለሆነች እዚህም በታኅሣሥ ትቀላለች፤ ለዚያ መጽሔትም ማሞቂያም አላስፈለጋት።

የሽፋን ሥዕል እስከ 1930ዎቹ ድረስ በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነበር። የፋሽን መጽሔቱ ቮግ የመጀመሪያውን የቀለም ፎቶግራፍ ሽፋን ያወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1932 ነው፤ አንሺው ኤድዋርድ ስታይከን ነበር። ፎቶግራፍ ሲመጣ ሥዕሉ እውነት ሆነ ማለት ግን አይደለም። ለቀረጻ የሚዘጋጅ ክፍል ተክሉ ለዚያው ቀን ሊገባበትና ማምሻውን ሊወጣ ይችላል፤ ከካሜራው በስተጀርባ ደግሞ ጠንካራ መብራት በርቷል። አንባቢው የሚያየው የአንድ ቀን ተክል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመስታወት ግድግዳ ያላቸው ቤቶችና ከአንድ ማእከል የሚሞቁ ክፍሎች ሲበዙ፣ ከደቡባዊ ሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ደን የመጣው ሞንስቴራ የዘመናዊ ሳሎን ምልክት ሆነ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ በገመድ ሹሩባ የተንጠለጠለ ፈርንና ቅጠሉ እንደ ሣር የሚወርደው ክሎሮፊተም ተራውን ያዘ። ዛሬ እዚህ የሚታተሙት ሽፋኖች አብዛኛዎቹ የእነዚህን ሁለት ዘመናት መልክ የያዙ ናቸው።

ሥዕሉ የማያሳየው ብርሃን

አሁን ወደ ጎጃም ሳሎን እንግባ። የብርሃን መጠን ሉክስ በሚባል መለኪያ ይለካል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ከመስኮት ሥር ጥቂት ሺህ፣ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት መቶ ሊሆን ይችላል። ዓይናችን ይህን ልዩነት አይነግረንም፤ የዓይን ብሌን ይሰፋና ክፍሉ ብሩህ ይመስለናል። ተክሉ ግን ብሌን የለውም፤ ስኳር የሚሠራው በደረሰው ብርሃን ልክ ነው።

«ፀሐይ በሞላበት አገር ብርሃን እንዴት ያንሳል?» ለሚለው መልሱ የፀሐይዋ ከፍታ ላይ ነው። ለንደን ላይ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ ወደ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ደካማ ብትሆንም ጨረሯ በመስኮት ገብቶ እስከ ክፍሉ ጀርባ ይዘልቃል። ባሕር ዳር ላይ ዓመቱን ሙሉ የቀትር ፀሐይ ከ55 ዲግሪ በታች አትወርድም። ከላይ ወደ ታች ስለምትመታ የቆርቆሮው ክፈፍና የበረንዳው ጣሪያ ያስቀሯታል፤ ብትገባም ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ትቀራለች። የአውሮፓ መጻሕፍት «ብዙ ብርሃን ለሚወድ ተክል የደቡብ መስኮት» የሚሉትም እዚህ እንዳለ አይሠራም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በባሕር ዳር ሰማይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ የደቡቡ መስኮት ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም። በዚህ ምድር ዓመቱን ሙሉ የሚታመኑት የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው፤ ከሁለቱም የጠዋቱን የሚቀበለው ይሻላል።

የቀኑ ርዝመት ግን ለጎጃም ያደላል። በባሕር ዳር አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል፣ ረጅሙ 12 ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ ነው፤ በለንደን ግን ከ8 እስከ 16 ሰዓት ተኩል ይለዋወጣል። እንግሊዛዊው ተክሉን ከታኅሣሥ ጨለማ መታደግ አለበት። የእኛ ጨለማ ወር ደመናው የማይገለጥበት ሐምሌና ነሐሴ ነው።

በዚህ ላይ የክፍሉ አያያዝ ይጨመራል። የጭቃ ቤት መስኮት ጠባብ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። የብሎኬት ቤትና ኮንዶሚኒየም መስኮታቸው ቢሰፋም፣ ሶፋው ቀለሙ እንዳይለቅ፣ አቧራ እንዳይገባ፣ አላፊ አግዳሚው ቤቱን እንዳያይ ሲባል ድርብ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። ተክሉ የሚቀመጠው ደግሞ ሽፋኑ እንዳስተማረው ከሶፋው ማእዘን ወይም ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ማለትም በክፍሉ እጅግ ጨለማ ቦታ ነው።

ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሞንስቴራው ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ያስረዝማል፤ አዲሱ ቅጠል ትንሽና ድፍን ሆኖ ይወጣል፤ ለሥዕሉ ውበት የሰጡት ቀዳዳዎች በቂ ብርሃን ያገኘና የጎለመሰ ተክል ምልክት ናቸውና። የታችኛው ቅጠል ሲገረጣ ባለቤቱ የጠማው ይመስለውና ውኃ ይጨምራል። በጨለማ ያለ ተክል ግን ውኃ የሚጠጣው በጣም በዝግታ ነው፤ አፈሩ አይደርቅም፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። እኔ እንደማየው በማሰሮ የሚሞተው ተክል አብዛኛው በጥማት ሳይሆን በርኅራኄ የሚሞት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብሳል።

ከፍታውም አንድ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፤ እንጅባራ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከሐሩር ደን የመጡ ተክሎች ሌሊቱ ከ12 ወይም ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዕድገታቸው ይገታል። ባሕር ዳር በረንዳ ላይ የሚፋፋ ሞንስቴራ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ወራት ቆሞ ቢቀር ሻጩ አታለለ ማለት አይደለም። ለደጋው ጄራኒየም፣ ክሎሮፊተምና አስፒዲስትራ ይቀላሉ፤ ብርድ ይችላሉና።

የፕላስቲኩ አበባ ድል እንግዲህ የሚገርም አይደለም። ብዙዎች ይንቁታል፤ ሽፋኑ የሚጠይቀውን ነገር በትክክል የሚያሟላው ግን እሱ ነው። አያድግም፣ አይረግፍም፣ ከማእዘኑ አይንቀሳቀስም። ሥዕሉን ለመኮረጅ ለሚፈልግ ሰው ምክንያታዊ ምርጫ ነው፤ ተክል ለሚፈልግ ሰው ግን ምርጫው መስኮቱን ከመክፈት ይጀምራል።

ያጸዳል ወይስ ያፍናል

ተክል አየር ያጸዳል የሚለው እምነት የተስፋፋው ተመራማሪው ቢ. ሲ. ዎልቨርተን ለአሜሪካው የጠፈር ተቋም ለናሳ ካደረገውና እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣው ጥናት በኋላ ነው። ጥናቱ ተክሎች ጎጂ ጋዞችን እንደሚቀንሱ አሳይቷል፤ ሙከራው ግን በትንሽ የታሸገ ሳጥን ውስጥ ነበር። ቤት የታሸገ ሳጥን አይደለም፤ በበሩ ሥርና በመስኮቱ ስንጥቅ አየር ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ግምገማ የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ፣ ተራ የአየር ዝውውር የሚሠራውን ለመተካት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ ደረሰበት። ሳሎን ሳይሆን ጫካ ነው የሚሆነው።

ያፍናል የሚለውም ልክ አይደለም። ተክል ሌሊት ኦክስጅን መጠቀሙ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን አጠገብ የተኛ አንድ ሰው ከሚጠቀመው ጋር አይነጻጸርም። በእኛ ቤት የሚያሰጋው ሳይጠፋ የገባ የከሰል ምድጃ ነው፤ ከእሱ ከሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተባለው ገዳይ ጋዝ የትኛውም ቅጠል አያድንም። ሌላው ሊነገር የሚገባው መርዝ ነው። ዲፈንባኪያ፣ ሞንስቴራና ፖቶስ በግንዳቸውና በቅጠላቸው ውስጥ መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ጥቃቅን ስላላቸው፣ ሕፃን ቢያኝካቸው አፍና ጉሮሮ ያቃጥላሉ፣ ያሳብጣሉ። ዳዴ የሚል ልጅ ያለበት ቤት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ አለበት።

የእውነት የቆየና ቆየ የተባለ

በገበያ ካለው «ቪንቴጅ» ሽፋን ከፊሉ የእውነተኛ እትም ቅጂ ነው፤ ከፊሉ ትላንት በኮምፒውተር የተቀናበረ ነው። ለይቶ ማወቅ አይከብድም። የቆየ የቀለም ኅትመት ሃልፍቶን በሚባል ዘዴ የተሠራ ነው፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣቦች ተደራርበው ከሩቅ ሌላ ቀለም ይመስላሉ። ቅጠሉን በማጉያ ሲያዩት ቢጫና ሰማያዊ ነጥብ ይሆናል። ጥሩ ቅጂ ይህን ነጠብጣብ ይዞ ይመጣል፤ በቅርቡ የተቀናበረው ልሙጥ ይሆናል ወይም በሁሉም ቦታ እኩል የተበተነ ሐሰተኛ ነጥብ ይኖረዋል።

ቀለሙም ይመሰክራል። በመስኮት የተለጠፈ የፀጉር ቤት ፖስተር ከዓመታት በኋላ ሰማያዊ ሆኖ የሚቀረው ቢጫውና ቀዩ ቀለም ቀድመው በፀሐይ ስለሚጠፉ ነው። በብርሃን የኖረ አሮጌ ሽፋን ቅጠሉ እንዲሁ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ወረቀቱ ደግሞ ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል። ገጹ ሁሉ እኩል ቡናማ የተቀባ ከሆነ መጠራጠር ነው።

ከሁሉ የሚታመነው ግን የተክሉ ዓይነት ነው። ዛሬ በየቢሮው የሚታየው ዛሚዮኩልካስ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ቢሆንም፣ የሆላንድ አምራቾች በብዛት ማራባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1996 ገደማ ነው። «የ1955 ሽፋን» ላይ ካለ ሥዕሉ የ1955 አይደለም። ክብ ቅጠል ያላት ፒሊያም እንዲሁ ናት። አግናር ኤስፔግሬን የተባለ ኖርዌያዊ ሚሲዮናዊ በ1940ዎቹ ከቻይና ወደ አገሩ አመጣት፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በሱቅ ሳይሆን ከጎረቤት ጎረቤት በቅንጣቢ ስትዛመት ኖረች። በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሳሎን ውስጥ ልትገኝ አትችልም።

ከሜጫ የሄደው ቅጠል

የባህሉ ክርክር ብዙውን ጊዜ «ይህ የፈረንጅ ነው» በሚል ይጀምራል፤ የተክሎቹ አገር ግን ይህን አያግዝም። ሳንሴቬሪያ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ክሎሮፊተም ከደቡባዊው አፍሪካ፣ አፍሪካን ቫዮሌት ከታንዛኒያ ተራሮች ናቸው። ጎጃምን በቀጥታ የሚነካውም አለ፤ ታሪኩ ረዘም ይላል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ሰከላ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የእንሰትን ሥዕልና መግለጫ አካተተ፤ ተክሉ ከዓባይ ምዕራብ ባለው በሜጫ ምድር በሰፊው እንደሚለማና ለነዋሪው ምግብ እንደሆነም ጻፈ። በዚያው መጽሐፍ ቁልቋል፣ ኮሶ፣ ዋንዛና ቀንጠፋ በሥዕል ወጥተዋል። በ1853 የብሪታኒያ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከምጽዋ የእንሰት ዘር ለንደን ወደሚገኘው የኪው የእጽዋት ማእከል ላከ። ከዚያ ዘር የበቀለው እንሰት በ1861 ከ1787 ጀምሮ በሚታተመው የከርቲስ የእጽዋት መጽሔት በቀለም ሥዕል ወጣ። ዛሬ «ቀይ የአቢሲኒያ ሙዝ» የሚባለው የእንሰት ዝርያ በእንግሊዝ አትክልተኞች ዘንድ የታወቀ ጌጥ ነው፤ በጋ ላይ ደጅ ይቆማል፣ ውርጭ ሲመጣ ወደ መስታወት ቤት ይገባል።

በጎጃም ይኸው ተክል ኮባ ነው። በጓሮ፣ ብዙ ጊዜ የቤት እጣቢ ውኃ በሚደፋበት በኩል ይቆማል፤ የሚፈለገውም ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ቀን ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ በእሳት ገረፍ ተደርጎ ይለሰልሳል፣ ሊጡን ከላይና ከታች ይይዛል፤ ዳቦው ሲወጣ የቅጠሉን ጅማት መስመር በቅርፊቱ ላይ አትሞ ይወጣል። ማንም እንደ ጌጥ አይቶት አያውቅም ማለት ይቀርባል። እንዳሁላም እንዲሁ ናት፤ የቅርብ ዘመዷ የማዳጋስካሯ ካላንቾ በማሰሮ ስትሸጥ እሷ በድንጋይ ካብ ሥር ለመድኃኒት ብቻ ትፈለጋለች።

ይህን ይዘው አንዳንዶች የውጭውን ተክልና ሥዕል መውደድ የራስን መናቅ ነው ይላሉ። ክርክሩ አንድ ጠንካራ ጎን አለው፦ ሽፋኑ አንድን ተክል «ጌጥ»፣ ሌላውን «የጓሮ ነገር» ብሎ የመመደብ ሥልጣን አለው፤ ያ ሥልጣን ከተክሉ ውበት ጋር የግድ አይገናኝም። በሌላ በኩል ጌጥ ሁልጊዜ ሲዋዋስ የኖረ ነገር ነው፤ ለድሃ ከተሜ አንድ የሚያምር ሥዕል መስቀል መብቱም ደስታውም ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔም ይህ ይበልጥ ያሳምነኛል። ቅጠልን ለገጽ ጌጥ ማድረግም ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በዲማ፣ በመርጡለ ማርያም፣ በደብረ ወርቅ አካባቢ በሚታወቀው የብራና ባህል የምዕራፉ ራስ በተጠላለፈ ሐረግ ይዋባል። የቀረው፣ ሐረግ የሚሥለው እጅ ኮባን ለካፌ ግድግዳ ያልሣለው ለምንድን ነው የሚለው ነው፤ መልሱም የገበያ ይመስለኛል። የውጭውን ሽፋን ከኢንተርኔት ማውረድ ምንም አይጠይቅም፤ ሠዓሊ ግን ይከፈለዋል።

የማን ሥዕል ነው

በዚህ ምክንያት የመብት ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የአሜሪካ ሕግ እንደሚለው ከታተሙ 95 ዓመት ያለፋቸው መጽሔቶች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት ከታተሙት ውስጥም በ28ኛው ዓመት ምዝገባቸው ያልታደሰ ብዙ ሥራዎች ጥበቃቸውን አጥተዋል። የ1970ዎቹ ሽፋኖች ግን እስከ ዛሬ ባለቤት አላቸው፤ መጽሔቱ በሕይወት ካለ ስሙም የንግድ ምልክት ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ለፎቶግራፍ የሰጠው ጊዜ ያጠረ ነው። የውጭ ሥራዎች ጥበቃ ከዜግነት፣ ከኅትመት ቦታና ከስምምነቶች ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ «ማንም አይከሰኝም» ብሎ ማተም ዛሬ ቢያዛልቅም ሥዕሉን ወደ ውጭ ለሚሸጥ ወይም በኢንተርኔት ለሚያስተዋውቅ ማተሚያ ቤት አያስተማምንም።

ከሕጉ ባሻገር የስም ጉዳይ አለ። የብሩስን ሥዕሎች በአብዛኛው የሠራው ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ነበር። ከብሩስ ጋር ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስ ግን ድርሻውን በመጽሐፉ ሸፈነው። ዛሬ ሥራው ስሙን አግኝቶ በየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታኒያ ሥነ ጥበብ ማእከል ተቀምጧል። በባሕር ዳር የሚታተሙት ሽፋኖች ላይም ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ታችኛው ማእዘን ነው፤ የሠዓሊው ፊርማ ያለውም እዚያ ነው። ፍሬሙን በሁለት ጣት ማስፋት ይህን ያስቀራል፤ ወጪውም የሚያሳስብ አይደለም። አዲስ ሥዕል ለማሠራት የሚፈልግ ካፌ ደግሞ ኅትመቱ ስንት ቅጂ እንደሚሆን፣ ሌላ ቦታ ይሸጥ እንደሆነና ፊርማው የት እንደሚያርፍ ከሠዓሊው ጋር በጽሑፍ መዋዋል ይኖርበታል፤ ኮባውን ለሥዕሉ ሞዴልነት በማሰሮ ተክሎ ማቆም የሚሻም ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይምረጥለት።